ጓደኛው አሜሪካ የሄደበት ልጅ፦ ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ «ልጄ 5 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ከፊት ለፊታችን ካለው ቤት ልጅ ጋር ዳዴ ከሚሉበት ጊዜ ጀምሮ አብረው ነው ያደጉት። ቁርስ እኛ ቤት ከሆነ መክሰስ እነሱ ቤት ነው። ኬጂም አንድ ክፍል ነበሩ። የልጁ አባት ከሁለት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ ሄዶ ነበር። ከስድስት ሳምንት በፊት ፕሮሰሱ አለቀና እናትና ልጁን ወሰዳቸው። ጉዟቸውን ለማንም አልተናገሩም። በየቀኑ ቡና አብሬያት የምጠጣው እኔ እንኳ የሰማሁት ከበረሩ በኋላ ነው። ጠዋት ልጄ እንደለመደው በራቸውን ሊያንኳኳ ሲሄድ ተቆልፏል። ደንግጬ ‹አክስቱ ጋ ሄዷል፣ ነገ ይመጣል› አልኩት። እስከ ዛሬ እንደዛው እያልኩ ነው። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ይሸናል፤ ይህን ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ኬጂ አልሄድም ይላል። ጫማውን ቦርሳው ውስጥ ከቶ በር ላይ ይቆማል። አባቱ ለሥራ ሐዋሳ ሲሄድ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ አላስወጣ አለው፤ ድሮ ቻው ብሎ ወደ ጨዋታው ነበር የሚሮጠው። ሊሄዱ ሲሉ፣ ማታውን በኳስ ተጣልተው ነበር፤ አሁን ኳሷን አይነካትም። ባለቤቴ ‹ልጅ ነው ይረሳዋል፣ ስሙን አታንሺበት› ይላል። እናቴ ‹ዓይን ነው፣ ጸበል ውሰጂው› ትላለች። እኔ ደግሞ ብስክሌት ልግዛለት ብዬ አስቤያለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ብስክሌቱ ይቆይ። በዚህ ሳምንት ልጅዎ ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው እውነቱን መስማት ነው። ጓደኛው አሜሪካ መሄዱን፣ ከአሁን በኋላ እዚያ እንደሚኖርና ነገ እንደማይመጣ ቁጭ ብለው ይንገሩት። የአልጋው፣ የኬጂውና የአባቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። እውነቱ ሳይነገር ሌላውን ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ለምን እንዲህ ድርቅ ብዬ እንደምናገር ላስረዳ። የ5 ዓመት ልጅ ወርና ዓመት በቅጡ አይገባውም። «ነገ» ግን ይገባዋል፤ ተኝቶ ሲነሳ የሚመጣው ቀን ነው። ልጅዎ በእነዚህ ስድስት ሳምንታት ከ40 ጊዜ በላይ ተኝቶ ተነስቷል። ጓደኛው አልመጣም። እርስዎ ለማባበል ያሉት ነገር ነው፤ እሱ ግን በየማለዳው እንደ አዲስ ይጠብቃል፣ በየማታው እንደ አዲስ ይቀርበታል። ስለዚህ ልጅዎ ገና ማዘን አልጀመረም። እየጠበቀ ነው። ሐዘን ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ጥበቃ ግን ማለቂያ የለውም።

ሌላም አደጋ አለ። ልጆች የቤት ወሬ ብቻ አይደለም የሚሰሙት። የብሎኩ ጥበቃ፣ የጎረቤት ሠራተኛ ወይም ሜዳ ላይ ያገኘው ትልቅ ልጅ አንድ ቀን «እሱማ አሜሪካ ገብቷል!» ይለዋል። ምናልባትም እስካሁን ሰምቶ ይሆናል። ከሌላ ሰው ከሰማው፣ ጓደኛውን ባጣበት ሰዓት የእናቱንም ቃል ያጣል። ይሄኛው ለመጠገን ይከብዳል።

«ልጅ ነው ይረሳዋል» የሚለው የባለቤትዎ ብቻ ሐሳብ አይደለም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። ትንንሽ ልጆች እውነተኛ ጓደኝነት የላቸውም፣ ያገኙት ልጅ ጋር ይጫወታሉ የሚል እምነት ነው። ስህተት ነው። በልጆች ሥነ ልቦና ሙያ ውስጥ የታወቀ አንድ የቆየ ጽሑፍ አለ። የሥነ ልቦናው ሊቅ የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ አና ፍሮይድ ከሶፊ ዳን ጋር በ1951 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው ነው። ስለ ስድስት ልጆች ይናገራል። ወላጆቻቸውን ናዚዎች ገድለውባቸው፣ ከቴሬዚየንሽታት የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ተርፈው በ1945 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ሲገቡ ገና 3 ዓመት ገደማ ነበሩ። እነዚህ ሕፃናት አንዳቸው ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከመካከላቸው ሲለይ ይረበሻሉ፣ የት ሄደ እያሉ ይጠይቃሉ፤ ምግብ ሲሰጣቸው ከራሳቸው ይልቅ ለሌላው ይጨነቁ ነበር። የልጅዎ ሁኔታ ከእነሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እሱ እናትም አባትም አያትም አለው። ግን በዚያ ዕድሜ ልጅ ከልጅ ጋር የሚተሳሰረው በዋዛ እንዳልሆነ ከዚያ በላይ ጥሩ ማሳያ አላውቅም።

የእርስዎን ልጅ ጉዳይ ደግሞ የሚያጠብቀው አብሮ ማደጉ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ጓደኝነት እንደኛ በወሬ አይደለም። አብሮ በመዋል ነው። ያ ልጅ የቀኑ ቅርጽ ነበር። ጠዋት በር ማንኳኳት፣ ኬጂ አብሮ መሄድ፣ መክሰስ፣ ከዚያ ሜዳ። እሱ ሲሄድ አንድ ሰው ብቻ አይደለም የጎደለው፤ ቀኑ ራሱ ተበጣጥሷል። «ስሙን አታንሺበት» የሚለው ምክር ይህን አያስተካክለውም። ልጁ የሚማረው ስለ ጓደኛው መናገር ክልክል መሆኑን ነው። ያኔ ዝም ይላል፤ ቤተሰቡም ረሳው ይላል።

አሁን ወደ ኳሷ ልምጣ። ደብዳቤዎ ውስጥ እግረ መንገድዎን የጠቀሷት ነገር ናት፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘችኝ እሷ ናት። ማታ ተጣሉ። ጠዋት ጓደኛው የለም። ለትልቅ ሰው እነዚህ ሁለት ነገሮች አይገናኙም። ለ5 ዓመት ልጅ ግን አንዱ የሌላው ምክንያት ነው። የስዊዙ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ከ2 እስከ 7 ዓመት ያለውን አስተሳሰብ ሲገልጽ፣ ልጅ ዓለምን የሚያየው ከራሱ አንጻር ነው ይላል። በዙሪያው የሚሆነው ሁሉ እሱ ካደረገው፣ ከተናገረው ወይም ካሰበው ጋር የተያያዘ ይመስለዋል። «ሁለተኛ ከአንተ ጋር አልጫወትም» ብሎት ከነበረ፣ ቃሉ የሠራ መስሎት ይሆናል። ኳሷን አለመንካቱ ይህን ያስጠረጥረኛል። እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ልጁን አላየሁትም። ግን ቢሆንም ባይሆንም «በአንተ ምክንያት አይደለም» ማለት ምንም አያስከፍልም።

የአባቱ እግርስ? እዚህም ልጅዎ የራሱ ሒሳብ አለው። ከጓደኛው ቤት መጀመሪያ የሄደው አባት ነው። ቀጥሎ እናትና ልጅ ጠፉ። አሁን የራሱ አባት ሻንጣ ይዞ ሲወጣ ምን ያስብ? አባት ሲሄድ ቤተሰብ ይበተናል ብሎ ቢደመድም አልፈርድበትም። ካየው ነገር ተነስቶ ነው። ጫማውን ቦርሳ ውስጥ ከቶ በር ላይ መቆሙም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። ወይ ጓደኛውን ሊከተል ነው፣ ወይ እናንተ ጥላችሁት እንዳትሄዱ ተዘጋጅቶ መጠበቁ ነው። የትኛው እንደሆነ ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም። ቦርሳውን ነጥቀው ጫማውን ወደ ቦታው አይመልሱ። አጠገቡ ቁጭ ይበሉና «ወዴት ነው መንገዱ?» ይበሉት። «ሌላ ምን እንያዝ?» ይበሉት። ልጆች የከበዳቸውን ነገር የሚያወጡት በጨዋታ ነው። የጠየቁት ሳይመስለው ይነግርዎታል።

እንግዲህ እንዴት ይነገረው? ሰዓቱን ይምረጡ። ከመኝታ በፊት አይሁን፣ ወደ ኬጂ ሊወጣ ሲልም አይሁን። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ስልክዎም ሌላ ክፍል ሆኖ ጥሩ ነው። አባቱም ቢኖር ይመረጣል። ንግግሩ አጭር ይሁን። እንዲህ ቢሉት በቂ ነው፦ «አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ጓደኛህ አክስቱ ጋ አይደለም። ከእናቱ ጋር አሜሪካ ሄዷል። አባቱ ያለው እዚያ ነው። በጣም ሩቅ ነው፣ በአውሮፕላን ነው የሚኬደው። አሁን ቤታቸው እዚያ ነው፤ እዚህ ቤት ተመልሰው አይኖሩም። እኔ ነገ ይመጣል ያልኩህ ልክ አልነበረም። ይቅርታ አባቴ።»

ከዚያ ዝም ይበሉ። ይህ ነው ከባዱ። ወዲያው «ግን እኮ በቪዲዮ ትደዋወላላችሁ! ግን እኮ ሌላ ጓደኛ ታገኛለህ!» ማለት ያምርዎታል። ይቆዩ። ሊያለቅስ ይችላል። ሊቆጣ፣ ሊመታዎት ይችላል። «እሺ» ብሎ መኪናውን ሊነዳም ይችላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። መኪናውን የነዳው ልጅ አልገባውም ማለት አይደለም፤ ትንሽ ወስዶ ተመልሶ ይመጣል። ማታ ሲታጠብ ወይም ታክሲ ውስጥ ድንገት «አሜሪካ ኳስ አለ?» ይላል። በዚያች ሰዓት መመለስ ነው። አሥር ጊዜ ቢጠይቅ አሥር ጊዜ ያንኑ መልስ ይስጡት።

ኳሷን በተመለከተ ለብቻው ይንገሩት፣ ያው ቀን ወይም በማግሥቱ። «እናንተ ስለተጣላችሁ አይደለም የሄደው። አባቱ ሊወስዳቸው ብዙ ጊዜ ወረቀት ሲጨርስ ነበር። ባትጣሉም ይሄድ ነበር። ጓደኛሞች ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ።» ኳሷን አምጥተው «በል ተጫወት» አይበሉት። የሚያያት ቦታ ትቀመጥ። ራሱ ሲነካት ያኔ አንድ ነገር ቀሎታል ማለት ነው።

«ለምን ሳይነግረኝ ሄደ?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ አስቀድመው ይዘጋጁ። የልጁን እናት ደውለው ይጠይቋት፦ ልጇ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ወይ? ካላወቀ «እሱም አያውቅም ነበር፤ ትልልቆች ናቸው የወሰኑት» ይበሉት። ይህ እውነት ከሆነ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ጓደኛው አልከዳውም። ካወቀና እንዳይናገር ተነግሮት ከሆነም «እንዳይናገር ተነግሮት ነበር» ይበሉት። በአንድ ውሸት ላይ ሌላ አይጨምሩ።

እዚህ ላይ ስለዚህ ልማዳችን አንድ ነገር ካላልኩ አያስችለኝም። ጉዞን መደበቅ ምክንያት አለው፤ ይገባኛል። ፕሮሰስ በመጨረሻ ሰዓት ይበላሻል፣ ሰው ያወራል፣ ዓይን ይፈራል። የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ ምስጢር አይይዝም። ግን ሁለት ወር ቀድሞ መንገር ባይቻል ሁለት ቀን ቀድሞ መንገር ይቻላል። ሻንጣው ሲዘጋ የልጅየውን ጓደኛ ጠርቶ አብረው ዳቦ ቢቆርሱ ጉዞው አይሰናከልም። ለመሄድ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ለትልልቆቹ ባትናገሩም ልጆቹን አሰነባብቱ። በነገራችን ላይ ይህ የውጭ አገር ጉዞ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንችስ ሰፈሮች ሲነሱ የነበሩ ቤተሰቦች ልጆችም በቀናት ውስጥ ነው ከአብሮ አደጎቻቸው የተለያዩት። የእነሱ አንድ ዕድል፣ ታክሲ ተሳፍሮ መገናኘት መቻሉ ነው።

ለልጅዎ ያመለጠውን ስንብት ግን አሁንም ማድረግ ይቻላል። ሥዕል ይሥል። ሁለቱ አብረው የተነሱትን ፎቶ ሁለት ጊዜ ያሳትሙ፤ አንዱ እሱ አልጋ አጠገብ ይለጠፍ፣ ሌላው ይላክ። አሜሪካ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። በርበሬውና ሽሮው ሲላክ የልጁ ፖስታ እዚያ መሃል ይግባ። ፖስታውን ራሱ ያሽገው፣ ራሱ ለሚወስደው ሰው ያስረክብ። ቢቻል ቦሌ ኤርፖርት ድረስ ሄዶ የሚወስደውን ሰው ይሸኝ። አውሮፕላን የሚባለው ነገር ሰው ውጦ የሚያስቀር እንዳልሆነ፣ ሰዎች ሻንጣ ይዘው በእግራቸው ገብተው እንደሚሄዱበት በዓይኑ ያየዋል። ለእሱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቪዲዮ ጥሪ መልካም ነው፤ ግን ብዙ አይጠብቁበት። የዚህ ዕድሜ ልጆች ስልክ ላይ ተቀምጠው አያወሩም። እኛ ደግሞ ከኋላ ሆነን «በል ሰላም በለው! ናፍቀኸኛል በለው! ምነው ዝም አልክ?» እያልን እናስጨንቃቸዋለን። ልጁ ይሸሻል። ስልኩን የሆነ ቦታ ያስደግፉና ይተዉአቸው። አንዱ መኪና ያሳይ፣ ሌላው ጥርሱ መነቃነቁን ያሳይ፣ ሁለቱም ይሣሉ። አምስት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱ ላይ ያስቡበት። ቨርጂኒያ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ስለሚቀይሩ ነው። ልጅዎ ከኬጂ ሲመለስ እዚያ ገና ማለዳ ነው፤ ጓደኛው ወደ ትምህርት ቤት ሲጣደፍ ነው። እሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደግሞ የእርስዎ ልጅ ተኝቷል። የሚመቸው ቅዳሜ ወይም እሑድ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ እዚያ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይሆናል። ቀኑን ቋሚ ያድርጉት። ከጥሪው በኋላ ቢያለቅስ «አስታወሰው፣ ይቅርበት» ብለው አያቋርጡ። ናፍቆት ነው፤ ያልፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጥሪው ከጊዜ ጋር ይሳሳል። ያኛው ልጅ አዲስ ቋንቋ ይለምዳል፣ አዲስ ጓደኛ ያፈራል፣ አንድ ቀን ስልክ ላይ መቅረብ እምቢ ይላል። ስለዚህ «በየሳምንቱ ታወራላችሁ» ብለው ቃል አይግቡ። «ክረምት ላይ ይመጣል»፣ «እኛም እንሄዳለን» የሚባለውንም ይተዉት፤ ትኬት ካልቆረጡ በቀር።

የአልጋው ነገር። በዚህ ዕድሜ ከድንጋጤ በኋላ ሽንት መመለሱ የተለመደ ነው። ልጁ አውቆ የሚያደርገው ነገር አይደለም፤ እንቅልፍ ላይ ነው። መቆጣት፣ በዘመድ ፊት ማሳፈር፣ ዳይፐር አደርግልሃለሁ ብሎ ማስፈራራት ያባብሰዋል። አንሶላው ሥር ላስቲክ ያንጥፉ፣ ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ይውሰዱት፣ ሲነሳ ያለ ብዙ ወሬ ልብሱን ይቀይሩለት። ነገር ግን ከስድስት ወር በላይ ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና ሲጀምር ሁሉንም በሐዘን ማላከክ ልክ አይደለም። ጤና ጣቢያ ወስደው ሽንቱን ያስመርምሩት፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀትም ያመጣዋል። በተለይ ውኃ በብዛት የሚጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ የሚከሳና የሚደክመው ከሆነ ያንኑ ቀን ስኳሩ ይታይ። የልጆች ስኳር በሽታ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ቀጠሮ አይሰጥም።

ኬጂ ይሂድ። እዚህ ላይ አላመቻምችም። አንድ ቀን ቤት ሲቀር ጭንቀቱ ይቀልለታል፤ ስለቀለለው በማግሥቱ መሄድ የባሰ ይከብደዋል። ግን ከመላክዎ በፊት ከሚሷ ጋር ይነጋገሩ። ክፍል ውስጥ የጓደኛው ወንበር ባዶ ነው ወይስ ሌላ ልጅ ተቀምጦበታል? ሌሎቹ ልጆችስ ምን ተባሉ? ስሙ ሲጠራ ቀርቶ ከሆነ ልጅዎ አስተውሎታል። ሚሷ ለክፍሉ በሙሉ «ጓደኛችን አሜሪካ ሄዷል፣ ካርድ እንሥራለት» ብትል ጥሩ ነው። ጠዋት የሚቀበለው ሰው ያው አንድ ሰው ይሁን። በር ላይ ስንብቱ አጭር ይሁን፤ ተደብቀው አይጥፉ። ተደብቆ መጥፋት ነው ልጁን እዚህ ያደረሰው። ቀድሞ አብረው ይሄዱበት የነበረው መንገድ ላይ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት አባቱ ወይም አያቱ አብረውት ቢሄዱ ባዶነቱ ይቀንሳል።

አባቱ ሐዋሳ ሲሄድ ልጁ ተኝቶ ሳለ እንዳይወጣ። ይሰናበተው። «ሐሙስ እመጣለሁ» ይበለውና ሐሙስ ይምጣ። ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጠፍ፤ ልጁ በየማታው አንድ ቀን ይሰርዝ። ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ይደውልለት። ሐሙስ የማይደርስ ከሆነ ረቡዕ ይንገረው። ይህ ልጅ አሁን የሚፈልገው የሄደ ሰው እንደሚመለስ ደጋግሞ ማየት ነው። ይህን ከአባቱ በላይ ሊያስተምረው የሚችል የለም። «ወንድ ልጅ ነህ፣ ጠንከር በል» የሚባለው ግን ይቅር።

እናትዎ ጸበል ማለታቸውን በተመለከተ፣ እሱ የቤተሰቡ የእምነት ጉዳይ ነው፤ እኔ የምከለክለው ነገር አይደለም። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ልጁ እየሰማ «ዓይን በልቶት ነው» አይባል። ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ለሚያስብ ልጅ፣ የሆነ ክፉ ነገር ውስጤ ገባ ብሎ መፍራት ተጨማሪ ሸክም ነው። ሁለተኛው፣ ከቤት ርቆ ሳምንት የሚታደርበት ቦታ አይወሰድ። «ትንሽ አየር ይቀይር» ተብሎ ክፍለ ሀገር ዘመድ ጋ መላክም ያው ነው። አሁን ሌላ መለየት አያስፈልገውም። ከእናትዎ የምፈልገው ሌላ ነው። እሳቸው በልጅነታቸው የተለዩት አብሮ አደግ አይጠፋም። ያንን ለልጁ ያጫውቱት። ከእኔ ምክር በላይ የሚሠራ ይመስለኛል።

ብስክሌቱ። መግዛቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። አሁን ከተገዛ ግን መልእክቱ «እንካ፣ በቃ ዝም በል» ነው። ልጁም አይታለልበትም። ለሁለት ቀን ይደሰታል፣ በሦስተኛው ቀን በሩን ያንኳኳል። ለልደቱ ይሁን። አዲስ ጓደኛም እንደዚያው ነው። እውነቱ ከተነገረው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ከክፍሉ አንድ ልጅ ይጋብዙ። አንድ ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ የሚሠሩት ነገር ኖሮ። ሊጥ ያቡኩ፣ ካርቶን ቤት ይሥሩ። ሦስት ልጅ ከጠሩ ሁለቱ ይገጥሙና የእርስዎ ልጅ ጥግ ይቀራል። «ይሄ አሁን ጓደኛህ ነው» አይበሉት። ራሱ ይወስን።

ከደብዳቤዎ ሌላም ነገር አንብቤያለሁ። በየቀኑ ቡና አብራችሁ የምትጠጡ ጎረቤት ሳትነግርዎት ሄዳለች። እርስዎም ተከፍተዋል። ምናልባት «አክስቱ ጋ ነው» ያሉት ልጁን ለማባበል ብቻ አይደለም። እርስዎም ለመናገር አልሆነልዎትም። በልጁ ፊት «እኔንም ናፍቃኛለች» ቢሉ ነውር የለበትም። ቅሬታውን ግን ለእሷ በስልክ ይንገሯት፤ ልጁ የሚሰማው የናፍቆቱን ብቻ ይሁን።

እውነቱን ከነገሩት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብሱ ይችላሉ። የባሰ ያለቅሳል፣ በእርስዎ ላይ ያኮርፋል፣ አልጋውም ይረጥባል። ተሳሳትኩ ብለው እንዳይደነግጡ። ከዚያ ቀስ እያለ የሚሻሻል ነገር ማየት አለብዎት፤ ደረቅ ሌሊቶች፣ ለቅሶ የሌለበት ጠዋት፣ እንደ ድሮው ጨዋታ። ስሙን ማንሳቱ ላይቆም ይችላል፤ እሱ ችግር አይደለም።

እውነቱን ከነገሩት አራት ሳምንት አልፎ ኬጂውን ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ከእናንተ ለአፍታ መለየት ካልቻለ፣ ምግብ ትቶ ከከሳ፣ ምንም ነገር መጫወት ካቆመ ወይም ከቤት ውጪ መናገር ካቆመ ባለሙያ ይየው። ራሱን ወይም ሌላ ልጅ የሚጎዳ ከሆነ፣ ስለ መሞት የሚያወራ ከሆነ ደግሞ አራት ሳምንት አይጠበቅም። መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም፣ ከዚያ ልጆችን የሚያይ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ነው። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። አማኑኤል የሚለው ስም አያስደንግጥዎት። በዚህ ዕድሜ ለእንዲህ ያለ ነገር የመጀመሪያው ሕክምና ጨዋታና ከወላጅ ጋር የሚደረግ ምክክር ነው፤ ክኒን አይደለም። ሲሄዱ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ። የትኛው ሌሊት ረጠበ፣ ኬጂ የቀረው መቼ ነው፣ ምን ብሎ ተናገረ፣ አባቱ የነበረው የት ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።